ፒንግ ይመልሳል፣ ኤክስቼንጅ ግን «የሚሆን ዶሜይን ኮንትሮለር የለም» ይላል

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አዲስ አበባ የሚሠራ አንድ ሲስተም አድሚን ቅዳሜ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ የቢሮውን ኢሜይል የሚያስተናግደው የማይክሮሶፍት ሜይል ሰርቨር፣ ኤክስቼንጅ 2019፣ አልነሳ ብሎታል። ሰርቪሶቹ ሊነሱ ይሞክሩና ይወድቃሉ። ኢቨንት ቪወር (የዊንዶውስ መዝገብ ማያ) ላይ 2114 ቁጥር ያለው ስህተት ይደጋገማል። ሁለት ዶሜይን ኮንትሮለሮች፣ ማለትም የተጠቃሚዎችንና የማሽኖችን መዝገብ የሚይዙ ሰርቨሮች፣ አሉት። ዲሲ1 ባለፈው ወር ኦዲተሮች ስላዘዙ ጠበቅ ያለ ፖሊሲ ወዳለው ሌላ ኦዩ (ማሽኖች የሚመደቡበት ክፍል) ተዛውሯል። ዲሲ2 ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ ከመብራቱ በኋላ አልነሳ ሲል ከሁለት ሳምንት በፊት ኮፒ ተደርጎ የተቀመጠ የዲስክ ፋይል ተመልሶለት ነው የተነሳው። ሁለቱም ፒንግ ሲደረጉ ይመልሳሉ። አለቃው «ኤክስቼንጁን አጥፍተህ እንደ አዲስ ጫነው» ብለውታል። እሱም «ልጫነው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

ወንድሜ፣ እባክህ አትጫነው። ኤክስቼንጁ ደህና ነው። የቆመው የሚያናግረው ዶሜይን ኮንትሮለር ስላጣ ነው። እንደ አዲስ ብትጭነውም እነዚያኑ ሁለት ማሽኖች ነው የሚጠይቀው፤ ጭነቱ ራሱ በዚሁ ምክንያት መሐል ላይ ይቆምብሃል። ለአለቃህ ይህንን አስረዳቸውና ትንሽ ሰዓት ስጡኝ በላቸው።

ኤክስቼንጅ እስከ 5.5 ድረስ የራሱ ዳይሬክተሪ ነበረው። ከኤክስቼንጅ 2000 ጀምሮ ግን ሙሉ በሙሉ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ፣ ዶሜይን ኮንትሮለሮቹ በሚይዙት መዝገብ ላይ፣ ተደገፈ። የተጠቃሚው አድራሻ፣ የመልእክት ሳጥኑ የትኛው ዳታቤዝ ውስጥ እንዳለ፣ የሜይል ሰርቨሩ የራሱ ሴቲንግ ጭምር እዚያ ነው ያለው። ለዚህ ነው «ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ቶፖሎጂ» የሚባለው ሰርቪስ ቀድሞ የሚነሳው። ዶሜይን ኮንትሮለሮቹን ይፈልጋል፣ አንድ በአንድ ይፈትናል፣ ያለፉትን ለሌሎቹ ሰርቪሶች ያስተዋውቃል። እሱ ከወደቀ ከሥሩ ያሉት ሁሉ አብረው ይወድቃሉ። 2114 ማለት ይህ ፍለጋ አልተሳካም ማለት ነው። አብሮት የመጣው ዜሮ ኤክስ 80040ኤ02 የሚለው ኮድ ደግሞ «የሚሆን ዶሜይን ኮንትሮለር የለም» ነው ትርጉሙ። «የሚሆን» የምትለዋን ቃል ያዛት፣ ሙሉው ነገር ያለው እሷ ላይ ነው።

ፒንግ የሚነግርህ ማሽኑ ኔትወርኩ ላይ መኖሩን ብቻ ነው። በር ስታንኳኳ ከውስጥ «አቤት» እንደማለት በለው። ኤክስቼንጅ ግን በሩ ላይ አይቆምም፣ ገብቶ ብዙ ነገር ይጠይቃል፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ ብቻ ካልተመለሰለት ያንን ዶሜይን ኮንትሮለር ጭራሽ አይነካውም። ደግነቱ የጠየቀውንና ያገኘውን መልስ ሁሉ ይመዘግባል። መዝገቡ ኢቨንት 2080 ነው። አፕሊኬሽን ሎግ ውስጥ ኤምኤስኤክስቼንጅ ኤዲአክሰስ በሚል ስም ታገኘዋለህ፤ ሰርቪሱ ደህና በሆነ ጊዜ በየ15 ደቂቃው ይጻፋል። ስህተት ሳይሆን መረጃ ተብሎ ስለሚጻፍ አብዛኛው ሰው ቀዩን ብቻ እያየ ያልፈዋል። አንተ ግን ለጥፈኸዋል፣ ተባረክ፤ ግማሹን ሥራ ሠርተህልኛል።

የለጠፍከው ይሄ ነው፦

ዲሲ1 ሲዲጂ 1 7 7 1 0 0 1 7 1
ዲሲ2 ሲዲጂ 1 7 7 1 1 1 1 0 1

እስቲ አብረን እናንብበው። ሲዲጂ የሚሉት ሦስት ፊደላት ማሽኑ ለሦስት ሥራ መታጨቱን ይናገራሉ፦ ለኮንፊገሬሽን (የሴቲንግ መዝገብ)፣ ለዶሜይን ኮንትሮለርነትና ለግሎባል ካታሎግነት (የሁሉም ዶሜይኖች ጠቅላላ ማውጫ)። የመጀመሪያዋ 1 ማሽኑ ለምርጫ ክፍት ነው ማለት ነው። ቀጥላ ያለችው 7 መድረስ መቻሉን ታሳያለች፤ 1 እና 2 እና 4 ተደምረው ነው 7 የሚሆኑት፣ አንዳንዳቸው ለአንድ ሥራ። ግሎባል ካታሎግ በ3268፣ ሌሎቹ ሁለቱ በ389 ፖርት ይሞከራሉ። ሁለተኛዋ 7 ማሽኑ ከአቻዎቹ ጋር ተናብቤያለሁ ማለቱን ነው የምታሳየው። ከዚያ የግሎባል ካታሎግ ብቃት፣ ከዚያ ፒዲሲ፣ ማለትም እንደ ሰዓት ምንጭነት ያሉ ልዩ ሥራዎችን የያዘው ዶሜይን ኮንትሮለር፣ መሆን አለመሆኑ። ፒዲሲ ላይ 0 ቢሆን ምንም አይደለም፣ ፒዲሲ በአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው። ስድስተኛዋ ሳክል የሚሏት ፈቃድ ናት። ሰባተኛዋ ክሪቲካል ዳታ ነች፤ ያ ዶሜይን ኮንትሮለር የሜይል ሰርቨሩን መዝገብ በውስጡ ይዟል ወይ የሚለውን ትመልሳለች። ስምንተኛዋ ኔትሎጎን (የተጠቃሚዎችንና የማሽኖችን መግቢያ የሚያስተናግደው ሰርቪስ)፣ የመጨረሻዋ ደግሞ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቨርዥን።

ጤነኛ ማሽን 1 7 7 1 0 1 1 7 1 ይላል፣ ፒዲሲ ከሆነ ደግሞ አምስተኛዋ 1 ትሆናለች። ያንተን ከዚህ ጋር አስተያየው። ዲሲ1 የወደቀው ሳክል ላይ ነው፣ ዲሲ2 ኔትሎጎን ላይ። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፣ የጀመሩበትም ቀን የተለያየ ነው።

እኔ እንደማየው ዲሲ1 ለኤክስቼንጅ ከጥቅም ውጭ የሆነው ባለፈው ወር፣ ወደ አዲሱ ኦዩ በተዛወረበት ቀን ነው። ማንም አልነቃም፣ ምክንያቱም ዲሲ2 ሙሉውን ሸክም ብቻውን ይዞ ነበር። ቅዳሜ ዲሲ2 ሲታመም ተተኪ አልነበረም። መብራቱ ሁለተኛውን ችግር አመጣ እንጂ የመጀመሪያውን ያመጣው እሱ አይደለም። ይህን የምነግርህ ቅደም ተከተሉ ጥገናውን ስለሚወስን ነው። መጀመሪያ ዲሲ1ን አስተካክል። እሱ ቀላሉ ነው፣ ኢሜይሉም ወዲያው ይመለሳል። የዲሲ2 ነገር ረጅም ስለሆነ ተጠቃሚው ኢሜይሉን እያነበበ ቀስ ብለህ ትሠራዋለህ።

ሳክል ምን እንደሆነ ካላወቅክ ፖሊሲውን ማየት ብቻውን አይገባህም። አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ እያንዳንዱ ነገር የፈቃድ ዝርዝር አለው። ከዚያ ሌላ ማን ሲነካው ይመዝገብ የሚል የኦዲት ዝርዝርም አለው፤ ሳክል የሚባለው ይሄ ነው። ኤክስቼንጅ ይህን ሁለተኛውን ዝርዝር ማንበብ ይፈልጋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው መብት «ማኔጅ ኦዲቲንግ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ሎግ» ይባላል። ኤክስቼንጅ ሲጫን ዶሜይኑን ሲያዘጋጅ «ኤክስቼንጅ ሰርቨርስ» የሚባለውን ግሩፕ በዲፎልት ዶሜይን ኮንትሮለርስ ፖሊሲ ውስጥ ለዚህ መብት ይጨምረዋል። ችግሩ ግሩፕ ፖሊሲ (ለብዙ ማሽኖች በአንድ ላይ የሚሰጥ ደንብ) ላይ የዩዘር መብት ዝርዝሮች አይደመሩም። ሁለት ፖሊሲ አንድን መብት ከገለጹ ኃይል ያለው ፖሊሲ ዝርዝር የሌላውን ሙሉ በሙሉ ይተካዋል። የኦዲተሮቹ ፖሊሲ ለዚያ መብት «አድሚኒስትሬተርስ» ብቻ ብሎ ከሆነ፣ እና በአብዛኛው እንደዚያ ነው የሚለው፣ ኤክስቼንጅ ከዲሲ1 ላይ ተባረረ ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው «ፕሪፔር ኤዲ ድጋሚ አሂድ» ይልሃል። ያ ዶሜይኑን የሚያዘጋጀው ትእዛዝ የሚጨምረው ዲፎልት ፖሊሲው ላይ ነው፣ የሚገዛው ግን ሌላኛው ስለሆነ ምንም አይለውጥልህም።

አረጋግጥ። ዲሲ1 ላይ በአድሚን ኮማንድ ፕሮምፕት ጂፒሪዘልትን (ማሽኑን የሚገዙትን ፖሊሲዎች የሚያሳየውን ትእዛዝ) ከስላሽ ኤችና ከፋይል ስም ጋር አሂድና ሪፖርቱን በብራውዘር ክፈት። ዩዘር ራይትስ አሳይንመንት ውስጥ ያንን መብት ፈልግ። አጠገቡ አሸናፊው ፖሊሲ የቱ እንደሆነ በስሙ ተጽፏል። የኦዲተሮቹ ከሆነ ክፈተውና ለዚያ መብት «ኤክስቼንጅ ሰርቨርስ»ን ጨምር።

ቆይ ግን፣ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው የሚያዝበት። የግሩፕ ፖሊሲ ማኔጅመንት ኮንሶል ስትከፍተው በራሱ የሚያያዘው ከፒዲሲው ጋር ነው። ያንተ ፒዲሲ ደግሞ የታመመው ዲሲ2 ነው። እዚያ ያስተካከልከው ዲሲ1 ላይ ላይደርስ ይችላል፣ አንተ ደግሞ «አስተካክዬ አልሠራም» ብለህ ግራ ትጋባለህ። ስለዚህ ምንም ሳትነካ ኮንሶሉ ላይ ዶሜይኑን ራይት ክሊክ አድርገህ «ቼንጅ ዶሜይን ኮንትሮለር» በልና ዲሲ1ን ምረጥ። ከዚያ አስተካክል። ዲሲ1 ላይ ፖሊሲውን እንደገና የሚያስነብበውን ጂፒአፕዴትን ከፎርስ ጋር አሂድ፣ ጂፒሪዘልቱን ደግመህ እይ፣ ግሩፑ መግባቱን በዓይንህ አረጋግጥ።

ለኦዲተሮቹም ንገራቸው፣ በስተጀርባቸው አታድርገው። ያ መብት የሴኪዩሪቲ ሎጉን ማጥፋትም ስለሚያስችል ነው የሚጠነቀቁለት፣ ጥንቃቄያቸው ትክክል ነው። ኤክስቼንጅ ያለዚያ መብት እንደማይሠራ ስትገልጽላቸው ግን እንደ ልዩ ሁኔታ ይመዘግቡታል።

ሜይል ሰርቨሩ ላይ ስትመለስ የኔትወርክ ካርዱን ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን ሰርቨር) እይ። ዲሲ2 መጀመሪያ ከተቀመጠ አውጣውና ዲሲ1ን አስገባ። ከዚያ የቶፖሎጂ ሰርቪሱን አስነሳ፤ እኔ ብሆን ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ሪስታርት አደርገው ነበር፣ ሰርቪሶቹ በየተራቸው በሥርዓት እንዲነሱ። የሚቀጥለው 2080 ላይ ዲሲ1 ስድስተኛ ቦታው 1 ሆኖ ከመጣ አውትሉክ መገናኘት ይጀምራል።

አሁን ዲሲ2። ሰርቪሶች ውስጥ ገብተህ ኔትሎጎንን እይ። «ፖዝድ» የሚል ይመስለኛል። ዳይሬክተሪ ሰርቪስ የሚለው ሎግ ውስጥ ደግሞ 2095 ቁጥር ያለው ኢቨንት ፈልግ። ሁለቱም ካሉ ነገሩ ዩኤስኤን ሮልባክ የሚባለው ነው። ያመጣውም የመለስከው የዲስክ ፋይል ነው።

እንዲህ ነው የሚሆነው። እያንዳንዱ ዶሜይን ኮንትሮለር በላዩ ላይ ለሚደረግ ለውጥ ሁሉ ተራ ቁጥር ይሰጣል። አቻው «ከዲሲ2 እስከ 50000 ወስጃለሁ» ብሎ ያስታውሳል። አንተ የቆየውን ዲስክ ስትመልስ ዲሲ2 ወደ 40000 ተመለሰ እንበል። ዛሬ የሰው ፓስወርድ ሲቀየር 40001 ብሎ ይቆጥራል። ዲሲ1 ግን 40001ን ድሮ ስለወሰደ አይቀበለውም። ሁለቱ ማሽኖች ዝም ብለው እየተለያዩ ይሄዳሉ። ዊንዶውስ ይህን ሲያውቅ ጉዳቱ እንዳይስፋፋ ሪፕሊኬሽኑን (በመሐላቸው ያለውን የለውጥ ቅብብል) ያቆማል፣ ኔትሎጎንንም ፖዝ ያደርጋል። 2080 ላይ ያየናት 0 እሷ ናት።

ከዊንዶውስ ሰርቨር 2012 ጀምሮ ቨርቹዋል ማሽንን በሃይፐርቫይዘሩ (ቨርቹዋል ማሽኖችን በሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) በኩል ወደ ስናፕሾት (ቀድሞ ወደተያዘ ሁኔታ) ስትመልሰው ዶሜይን ኮንትሮለሩ የሚያውቅበት መላ አለ፣ ሃይፐርቫይዘሩ የሚደግፈው ከሆነ። የዲስክ ፋይሉን በእጅ ኮፒ አድርገህ ስትተካ ግን ይህ ጥበቃ አይሠራም።

ኔትሎጎንን በእጅህ «ሪዝዩም» አታድርገው። ሬጂስትሪ ውስጥ «ዲኤስኤ ኖት ራይተብል» የሚል ነገር አጥፋ የሚል ምክር ካየህም አትስማ። ያ የማስጠንቀቂያውን መብራት ነቅሎ መንዳት ነው። ኢሜይሉ ይመለስ ይሆናል፤ ከወራት በኋላ ግን አንዱ ማሽን ላይ የተሰረዘ ሠራተኛ ሌላው ላይ በሕይወት ይገኛል።

ትክክለኛው መንገድ ዲሲ2ን ማሰናበትና እንደ አዲስ መገንባት ነው። ከዚያ በፊት ግን የዲሲ1ን ሲስተም ስቴት ባክአፕ (የአክቲቭ ዳይሬክተሪን መዝገብ ጭምር የሚይዝ ቅጂ) ውሰድ። ይህችን አትዝለላት፣ አሁን ጤነኛ የቀረህ እሱ ብቻ ነው። ዲሲ2 ላይ ዲኤችሲፒ (ለማሽኖች አድራሻ የሚያድለው ሰርቪስ) ወይም የጋራ ፎልደር ካለ ወደ ሌላ ማሽን አዛውር። ከዚያ ዲሲ2ን ከኔትወርክ አውጣ። ኤንቲዲኤስዩቲል በሚባለው ትእዛዝ አምስቱን የኦፐሬሽን ማስተር ሚናዎች (በአንድ ጊዜ አንድ ማሽን ብቻ የሚይዛቸውን ልዩ ሥራዎች) ዲሲ1 በኃይል እንዲወስዳቸው አድርግ፤ ፒዲሲም ከነሱ አንዱ ነው። ዩዘርስ ኤንድ ኮምፒውተርስ ላይ ከዶሜይን ኮንትሮለሮቹ መሐል የዲሲ2ን ስም አጥፋ፣ ሳይትስ ኤንድ ሰርቪስስ ላይና ዲኤንኤስ ውስጥ የቀረ ስሙን አጽዳ። አዲስ ዊንዶውስ ጭነህ እንደገና ዶሜይን ኮንትሮለር አድርገው። የድሮው ዲስክ ተመልሶ ኔትወርኩ ላይ እንዳይነሳ፤ ሚናው ተወስዶበታል።

የሁለት ሳምንቱ ለውጥ ይጠፋል ብለህ ከሰጋህ አይጠፋም። ዲሲ2 ከቅዳሜ በፊት ያደረገው ወደ ዲሲ1 ተላልፏል፣ ሬፕአድሚን በሚባለው የሪፕሊኬሽን መመልከቻ ትእዛዝ ማየት ትችላለህ። የሚጠፋው ከቅዳሜ ወዲህ ዲሲ2 ላይ ብቻ የተደረገው ነው። ፓስወርድ የቀየረ ሰው ካለ ድጋሚ ቀይርለት። ሌላው ሰዓት ነው። ፒዲሲው የዶሜይኑ ሰዓት ምንጭ ስለሆነ አሁን ዲሲ1ን ከውጭ የሰዓት ሰርቨር ጋር አያይዘው። ሰዓት ከ5 ደቂቃ በላይ ከተዛነፈ ከርቤሮስ (የዶሜይኑ የማንነት ማረጋገጫ) መግባት ይከለክላል፣ አዲስ ችግር አስነሳህ ማለት ነው።

ኔትሎጎን ፖዝድ ካልሆነ፣ 2095ም ከሌለ፣ ሌላ ታሪክ ነው። ያን ጊዜ ፋየርዎል ጠርጥር። የኔትሎጎን ፍተሻ በአርፒሲ (አንዱ ማሽን ሌላውን ሥራ በሚያዝበት ዘዴ) ነው የሚሄደው፤ 135 ፖርትና ከ49152 እስከ 65535 ያሉት ያስፈልጉታል። ሜይል ሰርቨርና ዶሜይን ኮንትሮለር መሐል ፋየርዎል ያስገቡ ቢሮዎች 389ና 3268ን ከፍተው እነዚህን ይረሳሉ። እኔን ከጠየቅከኝ በሁለቱ መሐል ፋየርዎል ባይኖር ነው የሚሻለው፣ ማይክሮሶፍትም በመሐላቸው ትራፊክ መገደብን አይደግፍም።

ተመሳሳይ ችግር ገጥሟችሁ ይህን ለምታነቡ፣ የመድረሻዋ ቁጥር 0 ከሆነች በቅድሚያ ዲኤንኤስ እዩ። ከዓመታት በፊት አንድ ቢሮ ሜይሉ በየጥቂት ሰዓቱ ይሞት ነበር፣ ሪስታርት ሲደረግ ይድናል። ሦስት ቀን ሙሉ ኬብልና ስዊች ስቀያይር ከረምኩ። መጨረሻ ላይ የሜይል ሰርቨሩ ሁለተኛ ዲኤንኤስ 8.8.8.8 ሆኖ አገኘሁት። «ኢንተርኔቱ እንዳይቋረጥ» ተብሎ ነው የተጨመረው። የውስጡ ዲኤንኤስ ትንሽ ሲዘገይ ማሽኑ ወደዚያ ይዞራል፣ ጎግል ደግሞ የናንተን ዶሜይን ኮንትሮለር ከየት ያውቀዋል? ሜይል ሰርቨር ላይ የውስጥ ዲኤንኤስ ብቻ ነው የሚቀመጠው። የውጭውን ስም የውስጡ ዲኤንኤስ ጠይቆ ያመጣላችኋል።

ዝርዝሩ ውስጥ ዶሜይን ኮንትሮለሮቹ «ከሳይት ውጭ» በሚለው ሥር ብቻ ከመጡ የሜይል ሰርቨሩ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) ሳይትስ ኤንድ ሰርቪስስ ላይ በትክክል አልተመደበም ማለት ነው። ቅርንጫፍ ቢሮ ያስቀመጣችሁት የሚነበብ ብቻ ዶሜይን ኮንትሮለር ካለም አትቁጠሩት፣ ኤክስቼንጅ አይጠቀምበትም።

ወዳንተ ልመለስ። አንዳንዱ ሰው በስታቲክ ዶሜይን ኮንትሮለርስ ሴቲንግ ኤክስቼንጁን ዲሲ1 ላይ ቸንክረው ይልሃል። አሁን አይጠቅምህም፣ ሳክሉ 0 የሆነ ማሽን ብትቸነክረውም አይሆንም። በኋላም ተቸንክሮ ከቀረ ዲሲ1 የወደቀ ቀን ዲሲ2 ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሜይልህ ይቆማል።

መብራቱ ደግሞ እንደገና መጥፋቱ አይቀርም። ሆስቱ (ቨርቹዋል ማሽኖቹን የተሸከመው ማሽን) ላይ የአነሳስ ቅደም ተከተል አስተካክል። ዶሜይን ኮንትሮለሮቹ ወዲያው ይነሱ፣ ሜይል ሰርቨሩ ቢያንስ 5 ደቂቃ ዘግይቶ ይነሳ። ሁለቱ ዶሜይን ኮንትሮለሮች አንድ ሆስት ላይ ከሆኑ አንዱን ወደ ሌላ አዛውር። የዲስክ ፋይል ኮፒ ማድረጉን ለዶሜይን ኮንትሮለር ተወው፣ በየቀኑ በራሱ የሚሄድ የሲስተም ስቴት ባክአፕ አድርግለት። አንድ ነገር ልጨምር፦ ኤክስቼንጅ 2019 ድጋፉ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ይህ ችግር ካለፈ በኋላ ወደ ተተኪው፣ ወደ ሰብስክሪፕሽን ኤዲሽን፣ ስለመሻገር ከአለቃህ ጋር ተነጋገር፣ አሁን ግን አይደለም፣ የታመመ ዶሜይን ላይ ማሻሻያ አይጀመርም።

አሁን ዲሲ1 ላይ ጂፒሪዘልቱን አሂድና አሸናፊው ፖሊሲ የቱ እንደሆነ ጻፍልኝ። ዲሲ2 ላይ 2095 ካለም የተጻፈበትን ሰዓት አብረህ ላክ። ዲሲ2ን ለማፍረስ ከመጀመርህ በፊት ሁለቱን ባየው ደስ ይለኛል፣ ማታም ቢሆን ጻፍ፣ እመልሳለሁ።